ንባቡንም ብረቱንም፦ ጎጃም ውስጥ ብረት ለምታሠለጥኑ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰው ብረት ማሠራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት አሰልጣኝ ደጋግሜ አይቻለሁ። አንዱ በስፖርት ሳይንስ የተመረቀ ነው። የጡንቻውን ስም ሁሉ ይጠራል። ሰልጣኙ ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ) ሲወርድ ተረከዙ ከመሬት መነሣቱን ግን አያይም። ሌላው ለዓመታት ብረት የሠራ፣ ክንዱ የሞላ ልጅ ነው። ለራሱ የሠራለትን ለሁሉም ያድላል። ለአሥራ ስምንት ዓመቱ ልጅም፣ ለሃምሳ ዓመቷ እናትም ያው ነው።

እኔ ሁለቱንም ሆኜ አውቃለሁ። መጀመሪያ በልምድ ብቻ ሠራሁ። በኋላ መጽሐፍ ሳገኝ ጭልጥ ብዬ ወደዚያ ሄድኩ። በሁለቱም ጊዜ ዋጋ የከፈሉት ሰልጣኞቼ ናቸው። አዲስ የምትጀምሩት በዚያው መንገድ እንዳታልፉ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ለነገሩ መላው እዚሁ አገራችን ውስጥ አለ። ዲማ ወይም ዋሸራ የቅኔ ተማሪ እንዴት እንደሚማር አስቡ። ግሱን ያጠናል፣ አገባቡን ይሰማል። ከዚያ ብቻውን ዛፍ ሥር ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። መምህሩ ያርሙታል። በማግስቱ ደግሞ ከአጭሩ ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ግስ ሳይይዝ ቅኔ የሚሆንለት የለም፤ ግሱን ብቻ ሸምድዶ ባለቅኔ የተባለም አላየሁም። የብረት አሰልጣኝም እንዲሁ ነው የሚሠራው። ቀጥዬ የማቀርበው እኔ የምሄድበትን ቅደም ተከተል ነው።

1. ደብተር ግዙ

ከብረቱም ከመጽሐፉም በፊት ደብተር ግዙ። ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ አንድ። ገልጣችሁ በቀኙ ገጽ ያነበባችሁትንና ያቀዳችሁትን ጻፉ። በግራው ገጽ ያያችሁትን።

የእኔ የግራ ገጽ ይህን ይመስላል፦ «ሰኞ፣ ሁዳዴ። ስኳት 50 ኪሎ፣ 3 ዙር በ8። በመጨረሻው ዙር ሁለት ይቀረው ነበር። ሌሊት 5 ሰዓት ብቻ ተኝቷል። ሲነሣ ግራ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገባል።» በቃ። አምስት መስመር ነው። «3 ዙር በ8» ማለት ስምንት ጊዜ አንሥቶ ማረፍ፣ ይህንኑ ሦስቴ መሥራት ነው።

«ሁለት ይቀረው ነበር» ያልኩት ትልቅ ነገር ነው። ሰልጣኙ ዙሩን ሲጨርስ «ስንት ይቀርህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሌላ ስንት ጊዜ ማንሣት ትችል ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ ሁሉም ይሳሳታል። «ምንም አልቀረኝም» ያለው ልጅ ጓደኛው ሲያየው አራት ይጨምራል። ወር ሁለት ወር ሲቆይ ግን መልሱ እየጠራ ይመጣል። ያኔ ያ ቁጥር ከየትኛውም ሠንጠረዥ ይበልጣል።

ካልተጻፈ ልምድ ልምድ አይሆንም፤ ትዝታ ነው የሚሆነው። ትዝታ ደግሞ የተሳካውን እንጂ የከሸፈውን አይዝም። ከአራት ዓመት በፊት የጻፍኳቸውን ገጾች ሳገላብጥ «ይሠራል» ብዬ የማልኩበት ነገር ግማሹ ሰው ላይ እንዳልሠራ አየሁ። ደብተሩ ባይኖር ዛሬም እምልበት ነበር።

2. ብረታችሁን መዝኑ

ይህ ቀልድ የሚመስላችሁ ካላችሁ ቀጣዩን አንብቡ። አንድ ልጅ ቤንች (በጀርባ ተኝቶ ብረት መግፋት) ሲሠራ ባሩ፣ ክብ ብረቶቹ የሚገቡበት ዘንግ፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያዘነብልበት ነበር። መጽሐፍ ገልጬ አየሁ። የግራና የቀኝ እጅ ጉልበት አለመመጣጠን ይላል። ለሦስት ወር ለግራ እጁ ብቻ ተጨማሪ ሥራ ሰጠሁት። ልጁ ታዛዥ ነበር፣ አንድ ቀን አላጓደለም። ለውጥ ግን የለም።

አንድ ቀን ሁለቱን ክብ ብረቶች ይዤ እህል ነጋዴ ዘንድ ሄድኩና በየተራ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኳቸው። ብየዳ ቤት የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱም ላይ «20» ተጽፏል። አንዱ 17 ኪሎ ተኩል፣ ሌላው 21 ሆኖ ተገኘ። የልጁ እጅ ምንም አልነበረበትም። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

እዚህ አገር የምንሠራበት ብረት አብዛኛው ተበይዶ ወይም ሲሚንቶ ተሞልቶ የተሠራ ነው። አያሳፍርም፤ ጡንቻ ፋብሪካውን አይጠይቅም። ግን መዝኑት። ባሩንም መዝኑ። መጻሕፍቱ ባር ሲሉ የወንዶቹን 20 ኪሎ፣ የሴቶቹን 15 ኪሎ ቆጥረው ነው። የእናንተው 11 ኪሎ ከሆነ ሂሳቡ ሁሉ ይዛባል። እውነተኛውን ክብደት በቀለም ጻፉበት።

3. አንድ ነገር አንብባችሁ አንድ ነገር ሞክሩ

ቴሌግራም ላይ መጽሐፍ በሽ ነው። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ዩኒቨርሲቲ ስላለ ከስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች መዋስም ይቻላል። ችግሩ እጥረት አይደለም። አንድ ሌሊት መቶ ገጽ አንብቦ በማግስቱ የሁሉንም ሰልጣኝ ፕሮግራም መቀየር ነው ችግሩ። እኔ አድርጌዋለሁ። አምስት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደጠቀመ፣ የትኛው እንደጎዳ በምን ትለዩታላችሁ?

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ምረጡ። ለምሳሌ በዙር መካከል ያለውን ዕረፍት ከአንድ ደቂቃ ወደ ሦስት ማሳደግ። መጀመሪያ አራት ሳምንት በራሳችሁ ላይ ሞክሩት። ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ፈቃደኛ ሰልጣኞች ላይ። ሌላውን ሁሉ አትንኩ። ደብተሩን አይታችሁ ፍረዱ።

ዛሬ በየጂሙ «3 ዙር በ10» የምንለው ነገር ራሱ በዚህ መንገድ የመጣ ነው። ቶማስ ዲሎርም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ሐኪም ነበር። በወጣትነቱ በሩማቲክ ትኩሳት ታሞ፣ ብረት እያነሣ አቅሙን የመለሰ ሰው ነው። የራሱን ልምድ ይዞ የቆሰሉ ወታደሮች ላይ ሞከረው። እ.ኤ.አ. በ1945 ባወጣው ጽሑፍ ከ7 እስከ 10 ዙር፣ እያንዳንዱን 10 ጊዜ እንዲሠሩ አዘዘ። ሲሠራበት ከረመና እንደሚበዛ አየ። እ.ኤ.አ. በ1948 ከባልደረባው ከዋትኪንስ ጋር ሆኖ ወደ 3 ዙር አወረደው። መነሻው ሰውየው 10 ጊዜ ብቻ ሊያነሣው የሚችለው ክብደት ነው። መጀመሪያ ግማሹን፣ ቀጥሎ ሦስት አራተኛውን፣ መጨረሻ ሙሉውን። ይህን ሰው የምወደው የራሱን ጽሑፍ ራሱ ስላረመ ነው።

ስታነቡ ሌላም ጠይቁ፦ ጥናቱ የተሠራው ማን ላይ ነው? አብዛኛው ውጭ አገር ባሉ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ በሚገኙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው። ቡሬ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ተቀምጦ የሚውል የ45 ዓመት ነጋዴ ላይ እንደዚያው ይሠራል ማለት አይደለም። አይሠራም ማለትም አይደለም። በትንሽ ጀምራችሁ ታዩታላችሁ።

4. ሰውየው ራሱ ምን ያውቃል? ጠይቁት

ይህኛው እርምጃ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጫኝና አውራጅ ሆነው የኖሩ ሰው ወገቤን ያመኛል ብለው ወደ እኔ መጡ። መጀመሪያ ሐኪም አይቷቸዋል፤ እንቅስቃሴ ይሥሩ ተብለዋል። እኔ መጽሐፉን ተከተልኩ። ጀርባቸው ላይ ቀጭን ዱላ አስደግፌ፣ ዱላው የኋላ ጭንቅላትን፣ ጀርባንና መቀመጫን ሳይለቅ ከዳሌ መታጠፍን ላስተምራቸው ተነሣሁ። አሥር ደቂቃ አስረዳሁ። እሳቸው በጨዋነት ያዳምጣሉ። ሲሞክሩት ግን ወገባቸው ይጎብጣል፣ ዱላው ይወድቃል።

ተስፋ ልቆርጥ ስል አንድ ነገር መጣልኝ። «ጋሼ፣ ኩንታሉ ጀርባዎ ላይ ሲጫን እንዴት ነው የሚቆሙት?» አልኳቸው።

«እንዴት ይባላል፣ እንዲህ ነዋ ልጄ» አሉና ዝቅ አሉ።

እግራቸው በትከሻቸው ልክ ተከፈተ። መቀመጫቸው ወደ ኋላ ሄደ። ጉልበታቸው በትንሹ ተሰበረ። ጀርባቸው እንደ ጠረጴዛ ቀጥ አለ። ሆዳቸው ሲጠነክር በሸሚዛቸው ላይ ይታያል። ሁለት እጃቸው ወደ ኋላ ዞሮ የሌለውን ጆንያ ጨብጧል። መጽሐፉ ውስጥ ካለው ሥዕል ምንም አይለይም። መቶ ኪሎ ተሸክመው ሃያ ዓመት የሠሩበት አቋቋም ነው።

«በቃ እዚያው ላይ ይቁሙ» ብዬ ባሩን አስያዝኳቸው። ያን ቀን ዴድሊፍት (ብረትን ከመሬት ማንሣት) ቻሉ።

መጽሐፉ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ጠቅሞኛል። አንደኛ፣ ያየሁት ነገር ምን እንደሆነ ነገረኝ። ባላነበው ኖሮ አይቼው አልፈው ነበር። ሁለተኛ፣ የጎደለውን እንድፈልግ አደረገኝ። ሸክም ሲያወርዱ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። ሁሌም በቀኝ በኩል እየተጠማዘዙ ነው የሚጥሉት። ስለዚህ በአንድ እጅ ጀሪካን ይዞ ቀጥ ብሎ መራመድ ጨመርኩላቸው፤ በግራም በቀኝም። ሃያ ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው፤ ዕቃው ውድ አይደለም። በስድስተኛው ሳምንት ገጽ ላይ «ማታ ሳይገላበጡ ተኝተዋል» የሚል ጽፌያለሁ።

እንግዲህ ለአዲስ ሰልጣኝ ሁሉ መጀመሪያ የሕይወቱን ሥራ ጠይቁት። ያረሰ፣ እንጨት የተሸከመች፣ ውኃ የቀዳች፣ ኳስ የተጫወተ፣ ሁሉም ሰውነቱ ያወቀው ነገር አለ። ቤንች ላይ ትከሻን ወደ ኋላና ወደ ታች መሰብሰብ ያቃተው ልጅ አለ? እስክስታ እንዲመታ አድርጉት። ትከሻው ወደ ኋላ የሄደ ጊዜ «እዚያ አቁመው» በሉት። የጎጃም ልጅ ይህን ለመረዳት ሁለተኛ ማብራሪያ አይፈልግም።

በአነጋገራችሁም ተጠንቀቁ። ጋብሪኤለ ቩልፍ የተባለች ተመራማሪ ለዓመታት ደጋግማ ያሳየችው ነገር አለ። ሰው ሐሳቡን በጡንቻው ላይ ከሚያደርግ ይልቅ ሰውነቱ ውጭ ባለው ነገር ላይ ሲያደርግ እንቅስቃሴን በተሻለ ይማራል። ስለዚህ «ጭንህን አጥብቅ» ከምትሉ «ወለሉን ወደ ታች ግፋው» በሉ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ በተለይ ጀማሪ ላይ ልዩነቱ በዚያው ቀን ይታያል።

5. ልምድ ያወረሳችሁንም ፈትሹ

ልምድም ይሳሳታል። እኔ ለዓመታት «ስኳት ስትወርዱ ጉልበታችሁ ከእግር ጣታችሁ እንዳያልፍ» እያልኩ ስጮህ ነበር። እኔንም ያሠለጠነኝ ሰው እንዲያ ነበር የሚለኝ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ ጥናት ሰባት ወንዶችን ከፊታቸው ሰሌዳ ደቅኖ ስኳት አሠርቷል፤ ጉልበታቸው እንዳያልፍ። እውነት ነው፣ ጉልበት ላይ ያረፈው ጫና ቀነሰ። ዳሌ ላይ ያረፈው ግን ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ሆነ። ሰዎቹም ወደ ፊት ይበልጥ ጎነበሱ። ያን ካነበብኩ ወዲህ ጩኸቴን አቆምኩ። አሁን የማየው ተረከዙ መሬት መያዙንና ጉልበቱ በጣቱ አቅጣጫ መሄዱን ነው። ረጅም ጭን ያለው ሰው ጉልበቱ ያልፋል፤ ይለፍ።

6. ቁጥሩን ለመነሻ፣ ዓይናችሁን ለፍርድ

ጀማሪን የሚችለውን ትልቁን ክብደት አንዴ አስነሥቶ መለካት አልወድም። ያስፈራል፣ አደጋም አለው። ይልቅ የኤፕሊ ቀመር የሚባለውን ተጠቀሙ፦ ክብደቱን በድግግሞሹ አባዙ፣ ለ30 አካፍሉ፣ ውጤቱን በክብደቱ ላይ ደምሩ። 60 ኪሎ 8 ጊዜ ያነሣ ሰው፣ 60 ሲባዛ በ8 ሲካፈል ለ30፣ 16 ይሆናል። 60 እና 16፣ 76። አንዴ የሚያነሣው ትልቁ ክብደት ወደ 76 ኪሎ ነው ማለት ነው። የዚህ 70 በመቶ 53 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚያ ትጀምራላችሁ።

ይህ ግን መነሻ ነው። ከአሥር ድግግሞሽ በላይ ከሆነ ቀመሩ ይላላል። ደግሞም ሰውየው ያን ቀን እንዴት እንዳደረ አያውቅም። የመጀመሪያውን ከባድ ዙር ፍጥነት እዩ። ባሩ ካለፈው ሳምንት ከዘገየ፣ ፊቱ ከተለወጠ፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቀንሱ። «ወረቀቱ 53 ይላል» ብላችሁ አትከራከሩ። ቀላል ከሆነበትም የሚጨመረው 2 ኪሎ ተኩል ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የአየሩ ነገርም አለ። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ይበልጣል። ከቆላ የመጣ ሰልጣኝ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ያለከልካል፤ በዙር መካከል አንድ ደቂቃ ጨምሩለት። ክረምት ላይ ደግሞ ማርቆስ ብርዱ ስለሚጠና ማሟሟቂያውን ወደ 15 ደቂቃ አስረዝሙ።

7. ጾሙን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቡት

የውጭ መጽሐፍ ሁዳዴን አያውቅም። 55 ቀን ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም። የሚጾመው ሰው ደግሞ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም። አንድ ዓመት አንድ ጎበዝ ልጅ ዕቅዱ እንዳይፈርስ ብዬ በጠዋት አሠራሁት። ሦስተኛው ዙር ላይ ዓይኑ ጨለመበት። ባሩን ከኋላው ደርሼ ያዝኩት። ባልደርስ ምን ይሆን ነበር?

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። የሚጾሙትን ከበሉ በኋላ፣ ወደ ማታ 12 ሰዓት ገደማ አሠራቸዋለሁ። ክብደቱን ብዙ አልቀንስም፤ የዙሩን ብዛት እቀንሳለሁ። ጉልበት ክብደቱ ከተጠበቀ በጥቂት ዙርም ይቆያል። ይህን መጻሕፍቱም ይላሉ፣ ደብተሬም ይላል። አዲስ ትልቅ ግብ ለበዓለ ሃምሳ አቆየዋለሁ፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ ነው።

ምግቡንም በሂሳብ እንየው። ጡንቻ መገንባት ለሚፈልግ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። 65 ኪሎ ለሚመዝን 104 ግራም ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም ይሰጣል። 100 ግራም የሽሮ ዱቄት ወደ 20። 200 ግራም የጤፍ ዱቄት በእንጀራ ወደ 26። ቀሪውን ማን ይሙላ? ግብጦ! ደረቁ በ100 ግራም ወደ 35 ግራም ፕሮቲን አለው። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ሞልቶ የሚበቅል፣ አረቄ ማጣጫ ብቻ የምናደርገው ነገር ነው። ውድ የፕሮቲን ዱቄት በቆርቆሮ ከአዲስ አበባ ከማስመጣት በፊት እሱን አስቡ። ማስጠንቀቂያ፦ ምሬቱ መርዝነት አለው። ተቀቅሎ ወይም ተቆልቶ፣ ውኃው እየተለወጠ ለቀናት ካልተነከረ አይበላም። እናቶቻችን ያውቁበታል፤ እነሱን ጠይቁ።

8. የሚያርማችሁ ሰው ይኑር

በወር አንዴ ሌላ አሰልጣኝ ጋር ተቀያየሩ። እሱ የእናንተን ሰልጣኝ ይይ፣ እናንተ የእሱን። ካልሆነ በስልክ ከጎን፣ በዳሌ ከፍታ ቀርጻችሁ ላኩለት። የእናንተንም አነሣስ ያስተካክል። እኔን ያረመኝ ከእኔ በስምንት ዓመት የሚያንስ ልጅ ነው። ወጌሻ ዘንድም ሄዳችሁ እጁ የት የት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ከጡንቻ ሥዕል ጋር ስታስተያዩት ብዙ ይገባችኋል።

9. ከእጃችሁ የሚወጣውን ለዩ

እዚህ ላይ ከልምዳችሁ በፊት መጽሐፉን ስሙ። ቁርጭምጭሚቱ ተጠምዝዞ አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው ሰው ወጌሻ ከማሸቱ በፊት ራጅ ይነሣ። የወገብ ሕመም ወደ እግር ወርዶ መደንዘዝ ካመጣ ብረቱን አቁሙና ሐኪም ይየው። ሽንት መቆጣጠር ካቃተው፣ ወይም ደረቱን ጭምድድ ካደረገው፣ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት።

ሲሄድ ደብተሩን ይዞ ይሂድ። ስንት ኪሎ ሲያነሣ እንደጀመረው፣ በየትኛው ዙር፣ የት ቦታ እንዳመመው እዚያ ላይ አለ። ሐኪሙ ያለውን በቀኙ ገጽ ጻፉት። ሲመለስ በባዶው ባር ከዚያ መስመር ትጀምራላችሁ።